መድኃኒቱ እስኪገኝ አካልን ማቆየት፦ ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር መኖርና ምርምሩን መደገፍ

ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ቤት የሚመጣ ጠያቂ ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ነገር ማንሳቱ አይቀርም፤ «ውጭ አገር መድኃኒት ተገኘ ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው?» ይላል። ጥያቄው ከቅን ልብ ነው። መልሱ ግን ሰው ከማያየው ቦታ ይጀምራል፤ ከመቀመጫ ቆዳ፣ ከሽንት ፊኛና ከቁርጭምጭሚት። የክሊኒካዊ ሙከራዎችን የመግቢያ መስፈርት ስታነቡ፣ ያልዳነ የአልጋ ቁስል ያለበት፣ መገጣጠሚያው ደርቆ አልታጠፍ ያለው፣ ኢንፌክሽን ያልለቀቀው ሰው ብዙውን ጊዜ አይገባም። ስለዚህ ምርምሩን መደገፍ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ሥራው፣ ምርምሩ ሲደርስ ሊጠቀምበት የሚችል አካል ይዞ መቆየት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ይህ ጽሑፍ ለእነሱም ለአስታማሚዎቻቸውም ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ከአደጋው ቦታ ሆስፒታል እስኪደርስ

ከባጃጅ፣ ከግንባታ ወይም ከዛፍ ላይ የወደቀ ሰው ጀርባውን ወይም አንገቱን ካመመው፣ እግሩ ከደነዘዘ ወይም አልታዘዝ ካለው፣ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል ብላችሁ ተነሱ። ብብቱንና እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ ሚኒባስ ወንበር ላይ አጥፎ ማስቀመጥ፣ በከፊል የነበረውን ጉዳት ሙሉ ሊያደርገው ይችላል። ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይዞ ከአካሉ ጋር ቀጥ እንዳለ ይጠብቃል፤ «አሁን!» የሚለውም እሱ ነው። ሦስቱ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው ሳይጣመም በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ያዞሩታል፤ ጣውላ ወይም የተነቀለ በር ከሥሩ ይገባና ይመለሳል።

ወጌሻ ለወለምታና ለተወለቀ ትከሻ ብዙ ሰው የሚመሰክርለት ባለሙያ ነው። አከርካሪን ግን መሳብም ማሸትም የለበትም። የተሰበረው አጥንት በነርቩ ገመድ ላይ ተጭኖ ከሆነ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ማንሳት የተሻለ ውጤት እንዳለው በ2012 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት አሳይቷል። በመንደር ምክክር የምታልፈው ሌሊት የምትበላው ይህን ጊዜ ነው።

ቆዳ

ደህና ሰው ሳያውቀው በየደቂቃው ይንቀሳቀሳል፤ ቆዳው ሲታፈን ነርቩ «ተነስ» ይለዋል። ይህ መልእክት ሲቋረጥ፣ አጥንት ከታች ቆዳውን ይጫናል፣ ደሙ አይደርስም፣ ሥጋው ከውስጥ መሞት ይጀምራል። ላዩ ላይ የሳንቲም ያህል ጠቁሮ የታየው ነገር ከሥሩ እንቁላል የሚያህል ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ቦታዎቹ ይታወቃሉ፦ ከወገብ በታች ያለው ጠፍጣፋ አጥንት፣ ስንቀመጥ የሚሸከሙን ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች፣ የዳሌ ጎን፣ ተረከዝና ቁርጭምጭሚት።

አልጋ ላይ በየ2 ሰዓቱ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት ክብደቱን በዳሌ አጥንት ላይ ያሳርፋል፤ ከጀርባ ትራስ አስገብቶ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ማዘንበል ይሻላል። በጉልበቶች መካከል ትራስ ይግባ። ከባት ሥርም ትራስ አድርጉና ተረከዙ ተንሳፎ ይቅር፤ ፈተናው አንድ ወረቀት በተረከዙና በአንሶላው መካከል ሳይነካ ማለፉ ነው። በውኃ የተሞላ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማድረግ ዛሬም ይታያል፤ አይጠቅምም። የአልጋውን ራስ ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ማድረግም ሰውየውን ወደ ታች ያንሸራትተዋል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ይሄዳል፣ በመካከል ያሉት የደም ሥሮች ይቀደዳሉ።

ዊልቸር ላይ ደግሞ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደት ማንሳት ነው። ብዙዎች የተማሩት ሁለቱን እጅ ተደግፎ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ማለትን ነው። ይህ አይበቃም፤ ደሙ ወደ ሥጋው ለመመለስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ ትከሻም በዚህ ሥራ ያልቃል። ደረትን ወደ ጭን አስጠግቶ ወደ ፊት መደፋት፣ ወይም ተራ በተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበል፣ ለሁለት ደቂቃ። ስልካችሁ ይንገራችሁ፤ ልማድ እስኪሆን ድረስ ከማስታወስ ይልቅ ደወል ይታመናል።

ጠዋትና ማታ በመስታወት ቆዳን ማየት ግዴታ ነው። የሕክምና መጻሕፍት «ቀይ ቦታ ፈልጉ» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቀዩ ብዙ ጊዜ አይታይም። የምትፈልጉት ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ቦታ ነው። በመስኮት ብርሃን እዩት፣ በእጅ ጀርባም ዳስሱት። ከአጠገቡ ይልቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የደደረ ወይም ውኃ የቋጠረ የሚመስል ከሆነ ተጀምሯል። ክብደት ከተነሳለት በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ፣ እስኪመለስ ድረስ በዚያ ቦታ ላይ መቀመጥም መተኛትም የለም፤ ሠርግ ቢኖርም፣ ለቅሶ ቢኖርም። ቦታውን ማሸት የሞተውን ሥጋ ያሰፋል እንጂ ደም አያመጣም።

ትራስን በተመለከተ አንድ አጉል ልማድ አለ፤ የመኪና ካላማዳሪያ ነፍቶ እንደ ቀለበት መቀመጥ። ቀለበቱ ዙሪያውን ይጫንና መሃል ላለው ሥጋ ደም የሚያደርሱትን ሥሮች ይዘጋል። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይሻላል፤ ተቀምጣችሁበት ተነስታችሁ የመቀመጫችሁ ቅርጽ ካልተመለሰ ግን አርጅቷል። በአየር የሚነፋ ትራስ ያለው ሰው ሌላ ሰው እጁን ከሥር አስገብቶ ይለካለት፤ ከመቀመጫ አጥንቱ እስከ ትራሱ ወለል ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር አየር መኖር አለበት። በጣም የተነፋ ትራስም እንደ ጣውላ ይደድራል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሰመራ የምትወርዱ ልብ በሉ፦ ቆላ ስትገቡ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚጨምር ትራሱ ይሟሽሻል፤ ደርሳችሁ እንደገና ካልለካችሁ ቀኑን ሙሉ የምትውሉት በብረቱ ላይ ነው። ስትመለሱ ደግሞ ይነፋል።

ቃጠሎም አለ። ጀበና ከሚጣድበት ከሰል ምድጃ አጠገብ የተዘረጋ እግር፣ ጭን ላይ የተቀመጠ ትኩስ ሰሃን ወይም ላፕቶፕ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ የመኪና መቀመጫ። እግር ሲቃጠል የሚታወቀው የቃጠሎ ሽታ ሲመጣ ነው፣ ያኔ ዘግይቷል። የገላ ውኃ ስሜት ባለው ክርን ይፈተሽ። የጂንስ የኋላ ኪስ፣ ወፍራም ስፌት፣ የተረሳ ቁልፍ በአንድ ቀን ቁስል ይሠራሉ።

ቁስሉ ከተከፈተ፣ በፈላና በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው (አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ) በጥብጣችሁ እጠቡት። አልኮል፣ የቡና ዱቄትና የጥርስ ሳሙና አይነካካው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ በጾም ደግሞ ሽሮና ምስር ይብዛ፤ ሥጋ የሚሞላው በፕሮቲን ነው። ሽታ፣ ትኩሳት ወይም የሚታይ አጥንት ካለ የቤት ሥራ አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ አንገቱ ከተጎዳ በኋላ የዚህ ምርምር ትልቁ ድምፅ ነበር። ሌት ተቀን አስታማሚ ነበረው፤ ሆኖም በጥቅምት 2004 ከመሞቱ በፊት ሲታከም የነበረው ከግፊት በመጣ ቁስል ኢንፌክሽን ነበር።

ሽንት

ኩላሊትን የሚጎዳው ፊኛ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ነው። ፊኛው ሊያወጣ ሲጨመቅ መዝጊያው ጡንቻም በዚያው ቅጽበት ይዘጋል፤ ሽንቱ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ሽንት ልብስ ላይ ፈሰሰ ማለት ፊኛው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም።

እጁ የሚሠራለት ሰው በየጊዜው ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) እያስገባ ቢያወጣ ይመረጣል፤ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣው 500 ሚሊ ሊትር ሳያልፍ። መለኪያ ከሌላችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አፉን ቆርጣችሁ ተጠቀሙ፤ ሞልቶ ከፈሰሰ የሰዓቱ ርቀት በዝቷል ማለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋድ 5፣ ከሰዓት 10 እና ማታ 4 ለብዙ ሰው ይስማማል፤ ሌሊት ፊኛው እንዳይሞላ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መጠጥ ይቀነሳል። በቀን የሚጠጣው በአጠቃላይ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር፣ ተከፋፍሎ።

ለአዋቂ 12 ወይም 14 ቁጥር ይበቃል። ቁጥሩ ለሦስት ሲካፈል ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ የጫፉ ቀለምም ይናገራል፦ ጥቁር 10፣ ነጭ 12፣ አረንጓዴ 14፣ ብርቱካንማ 16። ከፋርማሲ ስትገዙ ቀለሙን እዩ፤ ለወንድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያስፈልጋል፣ የሴት ተብሎ የሚሸጠው ግማሹን ያህል ስለሆነ ለወንድ አይደርስም። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ አካባቢው በሳሙናና በውኃ ይጸዳል፣ ለሴት ከፊት ወደ ኋላ። በውኃ የሚሟሟ ማለስለሻ ይቀባል፤ ቫዝሊን አይሆንም፣ አይሟሟም፣ ላቴክስንም ያበላሻል። ወንድ ብልቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ወደ ታች ከተለቀቀ መታጠፊያው ላይ ካቴተሩ ይጋጫል። ሽንት መውረድ ሲጀምር ሌላ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። መውረዱ ሲቆም ቀስ ብሎ ይሳባል፤ መሃል ላይ እንደገና ከወረደ ይቆማል፣ ከታች የተጠራቀመው እስኪያልቅ።

አልገባ ሲል መግፋት የለም። መዝጊያው ጡንቻ ተኮማትሮ ነው፤ ትንሽ ጠብቁ፣ በረዥሙ ተንፍሱ፣ ሲለቅ ያልፋል። በጉልበት የተገፋ ካቴተር የውሸት መንገድ ይቀዳል፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የሚገባው እዚያ ነው።

ካቴተር ለአንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ ነው የሚሠራው። ዋጋውና አቅርቦቱ ግን ይታወቃል፤ ደግሞ መጠቀም ግድ የሆነበት ሰው እንደተጠቀመ ወዲያው ውስጡን በስሪንጅ፣ ውጩን በእጅ በሳሙና አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ አንጠልጥሎ ያድርቅ፤ እርጥብ ሆኖ ፌስታል ውስጥ የታሰረ ካቴተር ጀርም ማርቢያ ነው። ለሌላ ሰው አይዋስም። የደደረ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ የደፈረሰ ይጣላል።

በቋሚነት ካቴተር ያለው ሰው የሽንት ቦርሳው ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን፤ ሲተኛ አልጋ ላይ አብሮ አይቀመጥ። ቱቦው ጭን ላይ በፕላስተር ይያዝ። የሚለወጠው በአብዛኛው በ4 ሳምንት ነው፤ ሲወጣ መጀመሪያ ካቴተሩን ከውስጥ የያዘው ትንሽ የጎማ ከረጢት ውኃ በስሪንጅ ይሳባል።

የደፈረሰ ሽንት ብቻውን አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ ካቴተር በሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከወትሮው የበዛ የእግር መንዘፍዘፍ ወይም አዲስ መፍሰስ ሲታከልበት ግን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ጀርሙ እንዲለይ ሽንቱ በላብራቶሪ ካልቸር ይደረግ። ምልክት ሳይኖር የተዋጠ አንቲባዮቲክ በቁርጡ ቀን አይሠራም። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የኩላሊት አልትራሳውንድ።

ጾም የሚጾሙ ሰዎች እስከ 9 ሰዓት ሳይጠጡ ውለው ሁለት ሊትር በአንዴ ሲጠጡ ፊኛው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሞላል። ወይ ካቴተሩ በዚያ ልክ ይደጋገም፣ ወይ ከንስሐ አባት ጋር ውኃው ላይ ንግግር ይደረግ፤ ረመዳን ለሚጾሙም ነገሩ አንድ ነው። ጠበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱንና ካቴተሩን ይዞ ይሂድ። በተለይ ለጡንቻ መኮማተር የሚሰጠው ባክሎፌን በድንገት ከተቋረጠ ትኩሳት፣ መቃዠትና ከባድ መንዘፍዘፍ ያመጣል።

ስለ ሰገራ ጥቂት

አንጀት ሰዓት ይወዳል። ከምግብ በኋላ በ20 ወይም 30 ደቂቃ ውስጥ አንጀት በራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ ከቁርስ በኋላ ያለችው ጊዜ ምርጥ ነች። ጉዳቱ ከወገብ በላይ ከሆነ ሪፍሌክሱ (አንጀት ያለ አንጎል ትእዛዝ ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ) አለ፦ ጓንት የለበሰና ማለስለሻ የተቀባ ጣት ገብቶ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ በቀስታ ይዞራል፣ በየ5 እስከ 10 ደቂቃው ይደገማል። ጉዳቱ ወገብ ላይ ሆኖ ጡንቻው የላላ ከሆነ ይህ አይሠራም፤ በጣት ማውጣት ነው፣ በየቀኑ፤ ሰገራውም ጠንከር ቢል ይሻላል። ለቀናት ከደረቀ በኋላ የሚመጣ ቀጭን ተቅማጥ ብዙ ጊዜ በተዘጋው ዙሪያ የሚያልፍ ፈሳሽ ስለሆነ፣ የተቅማጥ ማቆሚያ ችግሩን ያባብሰዋል።

የራስ ምታቱ ሲመጣ

ጉዳቱ በደረት ስድስተኛ አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ይህን ቤተሰቡን ሁሉ ማስተማር አለበት፤ አንዳንድ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያም አያውቀውም። ከጉዳቱ በታች የሚያሳምም ነገር ሲኖር፣ ብዙ ጊዜ የሞላ ፊኛ፣ አካሉ የደም ግፊትን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ አንጎል ማውረድ አይችልም። አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል። የሚፈነዳ ራስ ምታት፣ ፊት መቅላት ወይም መጋል፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ፣ የአፍንጫ መዘጋት፣ የልብ ምት መዘግየት ይታያል። የእነዚህ ሰዎች የተለመደ የላይኛው ግፊት ከ90 እስከ 110 ስለሆነ፣ ለሌላው ሰው ብዙ የማያስደነግጥ 140 ለእነሱ አደጋ ነው። ካልቆመ አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

ሰውየውን አታስተኙት። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን አውርዱት፤ ቀበቶ፣ ጫማ፣ የእግር ቦርሳ ማሰሪያ ፍቱ። የካቴተሩ ቱቦ ታጥፎ እንደሆነ ዘርጉት፤ ካቴተር ከሌለ በሚያደነዝዘው ሊዶኬይን ጄል አስገቡና ሽንቱን አውጡ። ግፊቱ ካልወረደ ሰገራ አለ ወይ? እዚያም ጄሉ ቀድሞ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፣ ምክንያቱም መነካካቱ ራሱ ግፊቱን ይጨምራል። ከዚያ ቆዳ፣ ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር፣ የተቀመጡበት ዕቃ። ምክንያቱ ሳይገኝ 150 ካለፈ ፈጥኖ የሚሠራ የግፊት መድኃኒት በሐኪም ይሰጣል፤ ለወሲብ እንደ ሲልዴናፊል ያለ መድኃኒት የወሰደ ሰው ይህን ሳይደብቅ ይናገር፣ ናይትሬት ከሚባለው የግፊት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ግፊቱን ያለ ልክ ይጥለዋል። ይህን አንቀጽ በወረቀት ጽፋችሁ ዊልቸሩ ላይ አኑሩ።

መገጣጠሚያ፣ አጥንት፣ ዊልቸር

እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በቀን አንድ ጊዜ ሙሉ መንገዱን ይሂድ፤ ቁርጭምጭሚት 90 ዲግሪ ላይ ይያዝ። በጉልበት አይሆንም። የማይቆም እግር አጥንቱ ይሳሳል፣ ወደ አልጋ ሲሻገር በትንሽ መጠማዘዝ ይሰበራል፣ ሕመምም የለውም፤ ጉልበት ወይም ጭን በድንገት ካበጠና ከሞቀ ራጅ ይነሳ። በአንድ ባት ብቻ የሆነ እብጠት ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል አይታሽ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

በእርዳታ የሚመጣው ሰፊ የሆስፒታል ዊልቸር ለአብዛኛው ሰው አይሆንም። የመቀመጫው ስፋት ከዳሌ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይብለጥ፤ ከሰፋ ወደ ጎን ያጋድላል፣ አከርካሪ ይጎብጣል። ከጉልበት ጀርባ እስከ መቀመጫው ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። የእግር ማሳረፊያው ከፍ ካለ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ አጥንት ላይ ይወድቃል፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ያንሸራትታል።

ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን በመጫን ስለሆነ፣ ጎማው ሲተነፍስ ፍሬኑም ይለቃል፤ ወደ አልጋ ሲሻገሩ የመውደቅ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጎሚስታ ጋር በየሳምንቱ አስነፉ። የፊት ትንንሽ ጎማዎች ኩሽኔታ ላይ ክርና ፀጉር ይጠቀለላል፤ ዳዶውን ፈትቶ ማጽዳትና ትንሽ ግራሶ መቀባት ነው። ኮብልስቶን ቡሎን ያላላል፤ የእግር ማሳረፊያውን ቡሎኖች በየጊዜው አጥብቁ።

ምርምሩ የት ደርሷል

የእጅ ነርቭ ተቆርጦ ቢሰፋ በወር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያድግ ይችላል፤ የኅብለ ሰረሰር ግን አያድግም። በ1981 ሞንትሪያል ውስጥ ሳም ዴቪድና አልበርት አጉዋዮ የእግር ነርቭ ቁራጭ በአይጦች ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሲያስገቡ፣ አያድግም የተባለው ነርቭ በቁራጩ ውስጥ ረዥም መንገድ አደገ። ስለዚህ ችግሩ በከፊል አካባቢው ነው ተባለ። የዙሪኩ ማርቲን ሽዋብ ዕድገቱን ከሚገቱት አንዱን፣ ኖጎ-ኤ የተባለውን ፕሮቲን ለየ፤ የሚከለክለው ፀረ እንግዳ አካልም አንገታቸው በተጎዳ 126 ሰዎች በጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በቼክና በስፔን ተሞከረ። በ2024 መጨረሻ ውጤቱ ታተመ፤ በአጠቃላይ ከፕላሴቦ (ከማስመሰያው መድኃኒት) አልበለጠም፣ ጉዳታቸው ከፊል በሆነባቸው ላይ ግን የመሻሻል ምልክት ታየ። ሕክምናው የተጀመረው ከጉዳቱ በ4 እስከ 28 ቀን ውስጥ ስለነበረ፣ ዓመታት ላለፉት ሰው ስለዚህ መድኃኒት ገና የተባለ ነገር የለም።

ዓመታት ላለፋቸው ቅርብ የሆነው ኤሌክትሪክ ነው። አንገት ላይ በቆዳ ላይ ተለጥፎ የሚሠራ መሣሪያ በ60 ሰዎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2024 ታተመ፤ ሁለት ወር ልምምድ ብቻ፣ ከዚያ ሁለት ወር ልምምድ ከመሣሪያው ጋር። 72 በመቶው በእጅ ጉልበትም በሥራም ተሻሻሉ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በታኅሣሥ 2024 ፈቀደው። የተፈቀደው ጉዳታቸው አንገት ላይ ሆኖ ከፊል ለሆነ ሰዎች ነው፤ ያለ ልምምድም ተሞክሮ አይደለም። ሎዛን ውስጥ የግሬጉዋር ኩርቲንና የጆስሊን ብሎክ ቡድን ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ አስተላላፊ) ከነርቩ ገመድ ላይ ቀብሮ ሙሉ በሙሉ ሽባ የነበሩ ሦስት ሰዎችን በድጋፍ ማራመዱን በ2022 አሳትሟል። የጃፓኑ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ለአራት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ወደ ነርቭነት ሊያድግ የሚችል 2 ሚሊዮን ያህል ሴል ተክሎ፣ በ2025 ሁለቱ መሻሻላቸውን አስታውቋል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን አራት ሰው ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ያለ ሕክምናም የሚሻሻል አለ።

ፋይላችሁን አዘጋጁ

ለሙከራ የሚመዘግብ ሰው የሚጠይቀው ነገር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ የኤምአርአይ ሲዲ፣ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ የመድኃኒት ዝርዝርና የጉዳቱ ደረጃ። ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ነው፤ ኤ ሙሉ ጉዳት፣ ኢ ደህና። የሚወሰነው በእያንዳንዱ ጎን 28 የቆዳ ቦታዎችና 10 ጡንቻዎች ተፈትነው፣ በመጨረሻም በፊንጢጣ አካባቢ ስሜት መኖሩ ታይቶ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ምርመራ በሐፍረት የሚዘሏት ብዙ ናቸው፤ እሷ ከሌለች ደግሞ ኤ ይሁን ቢ አይታወቅም። ሐኪማችሁን ወይም ፊዚዮቴራፒስታችሁን በዚህ ምርመራ ቅጽ ላይ ሞልቶ እንዲፈርም ጠይቁ።

ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የሙከራዎች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ መፈቀድ አይደለም፤ ማንም ክሊኒክ ሊመዘገብ ይችላል። የሙከራ ምዕራፍ አንድ የሕክምናውን አደጋ የሚያይ ነው፣ ፈውስ ተስፋ አድርጎ አይገባበትም። ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ስንት ሰው አለበት? ማነጻጸሪያ ቡድን አለው? ከዚህ በፊት ሴል የወሰደ ሰው ይገባል? ክትትሉ ስንት ዓመት ነው፣ ቪዛና ትኬቱን የሚችለው ማነው? ኢትዮጵያ ውስጥ የሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ ሊኖረው ይገባል። ለመሳተፍ ደግሞ ለሚሞከረው ሕክምና በሺዎች ዶላር ክፈል የሚባል ከሆነ፣ ያ ሙከራ ሳይሆን ሽያጭ ነው።

ሽያጩ ጉዳት አለው። በ2014 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ፖርቱጋል ውስጥ ከአፍንጫዋ የተወሰደ ሥጋ ኅብለ ሰረሰሯ ላይ የተተከለላት ሴት፣ ከ8 ዓመት በኋላ አከርካሪዋ ውስጥ ንፍጥ የሚያመነጭ እባጭ እንደተገኘባት ይተርካል። ከዚህም ሌላ፣ እንዲህ ያለ ሴል የወሰደ ሰው በኋላ ከእውነተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ በጎፈንድሚ ገንዘብ ሲሰበስቡ ፍቅራቸው አያጠያይቅም፤ በዚያው ገንዘብ ልክ የሆነ ዊልቸር፣ ጥሩ ትራስና የዓመታት ካቴተር ይገዛል።

ለምርምር ገንዘብ መስጠት ለሚፈልግ አንዱ በር ዊንግስ ፎር ላይፍ የተባለው የኦስትሪያ ድርጅት ነው፤ ከላይ ያነሳነውን የኖጎ-ኤ ሙከራ ከደገፉት አንዱ ነው፣ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ሩጫ የመመዝገቢያ ገንዘብም ሙሉ በሙሉ ለምርምር ይውላል። ሩጫው በ2014 ሲጀመርም በ2015ም ከዓለም አንደኛ የወጣው በኦስትሪያ የሚኖረው የኢትዮጵያ ተወላጅ ለማወርቅ ከተማ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ78 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል። ሩጫው የመጨረሻ መስመር የለውም። ሁሉም አገር በአንድ ሰዓት ይነሳል፣ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መጀመሪያ በሚውል እሁድ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪና በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ይነሳና ቀስ በቀስ እየፈጠነ የደረሰበትን ያስወጣል። በስልክ መተግበሪያ የትም ሆኖ መሳተፍ ይቻላል፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው 4 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ሲል ይያዛል። በዊልቸር የምትወጡ ከመነሳታችሁ በፊት ካቴተር አድርጉ፣ ጎማውንና ትራሱን ፈትሹ፣ ጉዳታችሁ ከደረት ስድስተኛ በላይ ከሆነ አካላችሁ በላብ ስለማይቀዘቅዝ ውኃ የሚረጭ ጠርሙስ ያዙ፤ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ መስታወቱ።